«የግንዛቤ እጥረት ነው» የሚለው መልስ ለሰለቻችሁ የጤና ባለሙያዎች፦ የወሰድኩት ሥልጠና እንዴት ነበር?

ይህን የምጽፈው በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለምትሠሩ ሰዎች ነው። ሶሲዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ ተምራችሁ ጤናው ዘርፍ ውስጥ መግባት ለምትፈልጉም ይጠቅማል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ማዕከል ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠውን፣ ጤናንና ሕክምናን በማኅበራዊ ሳይንስ ዓይን የሚያስተምር ሥልጠና በቅርቡ ጨርሻለሁ። ቅሬታም ስላለኝ የማዕከሉን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ሥልጠና የሚሰጡ ቦታዎች እየበዙ ስለሆነ ግን የትም ብትመዘገቡ የምለው ነገር ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። በጥቅሉ ከ5 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ እመጣበታለሁ።

ነርስ ነኝ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ላይ ነው የምሠራው። በየወሩ ክትትል ያቋረጡ ታካሚዎችን ቁጥር ሪፖርት እናደርጋለን። ከቁጥሩ አጠገብ ምክንያት ይጻፋል። የሚጻፈው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፤ የግንዛቤ እጥረት። መፍትሔውም አንድ ነው፤ ግንዛቤ ማስጨበጥ። ጠዋት ወረፋ ለሚጠብቁ ታካሚዎች ትምህርት እንሰጣለን፣ ፖስተር እንለጥፋለን፣ በሚቀጥለው ወር ያው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፣ እኛም ያንኑ ምክንያት እንጽፋለን። ሥልጠናውን የፈለግኩት ይሄ ነገር ስላንገበገበኝ ነው። ሰዎቹ ሞኞች አይደሉም። መድኃኒቱን የሚያቋርጡበት ምክንያት አላቸው፤ እኛ አናውቀውም እንጂ።

ስለ ዋጋው ቶሎ ልበል። ርካሽ አይደለም፤ በመንግሥት ደሞዝ ለሚኖር ሰው በአንዴ መክፈል ይከብዳል። ክፍያውን በሁለት ጊዜ እንድንከፍል ፈቅደውልናል፣ ለዚህ አመሰግናለሁ። ሻይ ቡና አለ፣ ምሳ የለም። አዳራሹ ንጹሕ ነው፣ ድምፅ ይሰማል።

ከሁሉም በፊት የወደድኩት የክፍሉ ስብጥር ነው። ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ጥቂት ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶች፣ ከግብረ ሰናይ ድርጅት የመጡ፣ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጡ የሶሲዮሎጂ ምሩቃን አንድ ላይ ተቀምጠን ነበር። እኛ የጤናዎቹ ሰውነትን እናውቃለን፣ እነሱ ሰፈርንና ቤተሰብን ማየት ያውቃሉ። የቡድን ሥራ ሲሰጠን ሆን ብለው ያቀላቅሉናል። ይሄ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሌሎች ማዕከላትም ቢያደርጉት እመኛለሁ።

ትምህርቱ የተጀመረው በታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፕሩሺያ መንግሥት ሩዶልፍ ፊርሾ የሚባል ወጣት ሐኪም በላይኛው ሲሌዥያ የገባውን የታይፈስ ወረርሽኝ እንዲያጠና ላከው። ሄዶ ያየው ረሃብ፣ ድንቁርናና ሕዝቡን የረሳ አስተዳደር ነበር። ሲመለስ ለመንግሥት ያቀረበው ምክር ስለ መድኃኒት ብቻ አልነበረም። ትምህርት፣ መንገድ፣ ነጻነት፣ ሕዝቡ ራሱን የሚያስተዳድርበት ሥርዓት ያስፈልጋል አለ። ሕክምና ማኅበራዊ ሳይንስ ነው ያለውም ይኸው ሰው ነው። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ሄድን፦ በ1967 የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት። የተጠኑት ለንደን ውስጥ የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም ደሞዝ አላቸው፣ ሕክምናቸው በነጻ ነው። ሆኖም ዝቅተኛው እርከን ላይ ያሉት ከከፍተኛው እርከን ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ የሚሞቱት ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነበር። ልዩነቱ በሲጋራና በኮሌስትሮል ብቻ አይገለጽም። እንደ ነርስ ይህን ስሰማ ብዙ አሰብኩ። አለቃ የሚጮህበት፣ ሥራውን መቆጣጠር የማይችል ሰው ልቡም ይታመማል ማለት ነው።

የሥልጠናው ልብ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አርተር ክላይንማን የሚባል የሃርቫርድ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አለ። በ1978 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ሐኪም ታካሚውን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ቀላል ጥያቄዎችን አስቀምጧል። ይህ ሕመም ከምን መጣ ይላሉ? ለምን በዚያ ጊዜ ጀመረዎት? ምን ያደርግዎታል? ምን ዓይነት ሕክምና ይሻለኛል ብለው ያስባሉ? ከዚህ ሕመም በጣም የሚያስፈራዎት ምንድን ነው? እነዚህን ነው በአማርኛ እያለማመዱ ያስተማሩን፤ እንደ ፎርም ሳይሆን እንደ ጨዋታ፣ ሰው ሰውን እንደሚጠይቅ። እማማ ለሚባሉት እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ለመጡ አባት እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ባል አጠገቧ ቆሞ ለሚመልስላት ሴት እንዴት እንደሚጠየቅ። ይህን ያህል ጊዜ ጥያቄ መጠየቅ ላይ የሚያጠፋ የጤና ሥልጠና አይቼ አላውቅም። እኛ የለመድነው መልስ መስጠት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አድርጌ ነው የምጽፈው። ለልምምድ ክትትል ያቋረጡ ሰዎችን እንድናነጋግር ተልከን ነበር። ጉሊት የሚቸረችሩ እናት ነበሩ። የሚወስዱት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፣ ሽንት የሚያበዛው የግፊት ኪኒን። ካርዳቸው ላይ «መድኃኒት በአግባቡ አይወስዱም» የሚል ተጽፏል። ከእኔ ጋር የተመደበችው የሶሲዮሎጂ ልጅ ስለ ኪኒኑ አልጠየቀቻቸውም። «እማማ፣ ውሎዎ እንዴት ነው?» ብላ ጀመረች። ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። አካባቢው ላይ መጸዳጃ ቤት የለም። ያለው ካፌ ውስጥ ነው፣ እሱም ተጠቃሚ ካልሆኑ አያስገባም፤ ለመግባት ብለው ሻይ ቢያዙ ደግሞ ከትርፋቸው ይጎድላል። ቢነሱ ዕቃቸውን የሚጠብቅላቸው የለም። ስለዚህ በሥራ ቀን ኪኒኑን አይውጡም። እሁድ እሁድ ይውጣሉ። የደም ግፊት ምን እንደሚያመጣ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ጎረቤታቸው በስትሮክ ወድቃ ሲያስታምሙ ነበር። ግንዛቤ ሞልቷቸዋል። የጎደለው ሽንት ቤት ነው።

ሐኪሙ መድኃኒታቸውን ሽንት ወደማያበዛ ሌላ የግፊት ኪኒን፣ ወደ አምሎዲፒን ቀየረላቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ለማወቅ የፈጀው ጊዜ ቡና አንድ ጊዜ ቀርቦ የሚጠጣበትን ያህል ነው። በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ የከተማ አሠራር አለ፣ ድህነት አለ፣ ሴትነት አለ፣ የኪኒን ኬሚስትሪም አለ። ማኅበራዊ ሳይንስ ለጤና ምን ይሠራል ለሚለኝ ሰው ከአሁን በኋላ የምናገረው ይህን ነው።

አሠልጣኞቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሶሲዮሎጂስት፣ ሌላኛዋ ከክሊኒክ ሥራ ወደ ኅብረተሰብ ጤና የዞረች ሐኪም። ሁለቱም በብዙ ነገር አይስማሙም፣ እሱንም ፊታችን ነው የሚከራከሩት። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ። በጣም የጦፈው ስለ ጸበል ሲነሳ ነው። አንድ ሠልጣኝ ታካሚዎች መድኃኒት አቁመው ጸበል ይሄዳሉ፣ ምን እናድርግ አለ። እሷ፣ መድኃኒት ያቆመ ሰው ይሞታል፣ ይህ ለድርድር አይቀርብም አለች። እሱ ደግሞ፣ ሰውየው ጸበል ቦታ የሚያገኘውን እኛ ጋ አያገኝም፤ እዚያ የሚጠራው በስሙ ነው፣ አብሮት የሚጸልይ አለ፣ ብቻውን አይተኛም አላት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ክርክሩን የቋጨው የራሳችን ታሪክ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት እዚህ አገር በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ላይ ብዙ ሕሙማን ነበሩ፣ ብዙዎቹም ጸበል እየተጠመቁ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ይመስላቸው ነበር። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ሰው ከእምነቱና ከሕይወቱ አንዱን እንዲመርጥ መገደዱ ቀረ። ስንት ፖስተር ቢለጠፍ ይህን ያደርግ ነበር? የታመነ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ራሱ የጤና እውቀት ነው።

በነገራችን ላይ ሶሲዮሎጂስቱ አንዳንድ ጊዜ ባህላዊ የሆነውን ሁሉ ያሞግሳል። እንጥል ማስቆረጥ ሲነሳ ግን ሐኪሟ ዝም አላለችውም። ደም ስለሚፈሰው፣ በቆሸሸ ምላጭ ስለሚያመረቅዘው ሕፃን ስትናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። ማክበር ማለት ሁሉን መቀበል እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ትምህርት አልነበረም።

የቁጥርና የ«ለምን» ልዩነት ላይ ያሳለፍነው ክፍለ ጊዜም ጥሩ ነበር። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2011 በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች ከ100 10 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 26 ደረሰ። ቁጥሩ ችግሩ የት እንዳለ ይነግረናል። ለምን እንደማይመጡ ግን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ሲጠየቁ ምን ተባለ? በጀርባ ማስተኛቱ፣ በማናውቀው ወንድ ፊት መራቆቱ፣ እናቴ ወይም እህቴ እንዳትገባ መከልከሏ፣ የሚጮኸው አዋላጅ፣ ከወሊድ በኋላ ገንፎ አለመኖሩ። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና ማዘጋጀት የጀመሩት፣ ሩቅ ላሉ እናቶች ማቆያ ቤት የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ጤና ሚኒስቴርም ከ2015 በኋላ ባለው ዕቅዱ ርኅራኄ፣ አክብሮትና እንክብካቤ ያለው ባለሙያ የሚለውን ዋና አጀንዳ አድርጎታል። ገንፎው ቀልድ የሚመስለው ሰው ካለ፣ አራስ ቤት ገብቶ ይይ።

አሁን አንዷን ነጥብ ለምን እንደቀነስኩ።

አንደኛ፣ ምሳሌዎቹ ከውጭ መጥተው ይበዛሉ። የአሜሪካው የተስኪጊ የቂጥኝ ጥናት፣ የምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ፣ ያው ኋይትሆል። ጥሩ ናቸው፣ አልጠላኋቸውም። ኢቦላ በ2014 ሲስፋፋ የቀብር ሥርዓትን የሚያውቁ አንትሮፖሎጂስቶች ገብተው፣ ቤተሰብ ሙታኑን በክብር የሚሸኝበት ግን አስከሬን የማይነካበት መንገድ መፈለጉን ስሰማ ተደንቄያለሁ። ግን የራሳችን የት ሄደ? ወላይታ ላይ ስለ ዝሆኔ የተሠራውን ሥራ አንድም ቀን አላነሱትም። ይህ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት ተላላፊ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ዘመኑን በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬን ነው የሚይዘው። ይህን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያስረዳው እዚሁ አገር የሠራ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ቀዶ ሐኪም ነው። በ2012 ደግሞ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም እንዳለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የመራው የጄኔቲክስ ጥናት አሳየ። መከላከያው ጫማና እግር መታጠብ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ቤተሰብ ውስጥ ስለሚደጋገም «ደማቸው ውስጥ ነው» ይባላል፣ ልጃገረዷ አታገባም፣ ለቅሶ ቤት አብረው አይቀመጡም፣ የታመመው ሰው ያፍርና ከቤት አይወጣም፣ ስለዚህ ሕክምና አይመጣም። ጫማ የሌለው ስለ ድህነቱ ነው፣ ጫማ ያለውም ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ያስቀምጠዋል እንጂ በእርሻ ጭቃ አያበላሸውም። ስለ ውርስ ሲነገር ደግሞ መገለሉን እንዳያባብስ በጥንቃቄ መነገር አለበት። ማኅበራዊ ሳይንስ ለሕክምና ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በዓለም ላይ አለ ብዬ አላምንም፣ ያለው ደግሞ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው።

የጎንደርንም እንዲሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን) በአንድ ቡድን ገጠር እያወረደ ያሠለጥን ነበር። ጎንደር ላይ ነው ሳይመን ሜሲንግ የሚባለው አንትሮፖሎጂስት ስለ ዛር አጥንቶ በ1958 ያሳተመው፤ በዛር ማኅበር ውስጥ ሴቶችና የተገፉ ሰዎች እንዴት ተሰብስበው እንደሚደጋገፉ ነው የጻፈው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም አለ። በየቀበሌው ሁለት፣ ከዚያው አካባቢ የወጡ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች፣ በጠቅላላው ከ30,000 በላይ። እነዚህ ሴቶች ጎረቤትም መንግሥትም ሆነው መሥራታቸው ብቻውን የአንድ ቀን ትምህርት ይወጣዋል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ይበልጣል። ሥልጠናው «ባህል» ላይ ያተኩርና ስለ ገንዘብ ሲሆን ይቸኩላል። ፖል ፋርመር የሚባለው አሜሪካዊ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ሄይቲ ላይ የሠራውን ሥራ ያነሱት በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ዕቃውን ሲሰበስብ ነው። ያ ጥናት ግን መጀመሪያ መምጣት ነበረበት። የቲቢ ታካሚዎች ሁለት ቡድን ነበሩ። ሁለቱም መድኃኒት በነጻ ያገኛሉ። አንደኛው በተጨማሪ የቤት ለቤት ክትትል፣ የምግብ ድጋፍና በወር 30 ዶላር ያገኛል። ያ ቡድን ሁሉም ዳነ። ከሌላኛው የዳነው ከግማሽ ብዙም ያልበለጠ ነው። ቲቢ በድግምት ይመጣል የሚሉ ሰዎች ደግሞ በሁለቱም ውስጥ ነበሩ። እምነታቸው አልከለከላቸውም። የከለከላቸው ማጣት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሠልጣኞች ሲወጡ «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ትተው «የባህል ተጽዕኖ» ማለት ሲጀምሩ ሰምቻለሁ። ያው ነው። በሁለቱም ጥፋቱ ታካሚው ላይ ነው የሚወድቀው። ታክሲ ሁለት ጊዜ ተሳፍሮ መጥቶ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፎ፣ መድኃኒቱ አልቋል ከውጭ ይግዙ የተባለ ሰው በሚቀጥለው ወር ባይመጣ ባህሉን ምን አመጣው? መጀመሪያ ኪሱን፣ መንገዱን፣ ወረፋችንን እንጠይቅ። እምነቱን ከዚያ በኋላ እንጠይቃለን፣ እሱንም ከልባችን።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች። የመስክ ልምምዱ በጣም አጭር ነው፤ ገና ሰው ሲለምደን ጨረስን። የቡድን ውይይት አመራር ተምረናል፣ የተቀዳውን ድምፅ ጽፎ መተንተን ግን በሩጫ አለፈ። ስላይዶቹ በሙሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ውይይቱ በአማርኛ ስለሆነ ግን ማንም ወደኋላ አልቀረም። ስለ ታካሚ ፈቃድና ምስጢር የሰጡት ትምህርት ጠንካራ ነው፣ ስለ ተስኪጊ የነገሩንም እዚህ ጋ በደንብ ይገባል፦ ከ1932 እስከ 1972 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች የቂጥኝ ሕክምና ተነፍገው ሲጠኑ የኖሩበት ነው። መቅረጸ ድምፅ ከማብራታችን በፊት ሁሌ ፈቃድ መጠየቅ አሁን ልማዴ ሆኗል።

ለማን ይሆናል? ክትትል ክፍል፣ እናቶችና ሕፃናት፣ ቲቢ፣ አእምሮ ጤና ላይ ለምትሠሩ ያለ ምንም ማመንታት ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከማንም በላይ ይገባቸዋል፤ ማዕከላቱ ለእነሱ በቅናሽ ዋጋ ቢሰጡ ደስ ይለኛል፣ ይህን በአስተያየት ወረቀቱ ላይም ጽፌላቸዋለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የትንተና ዘዴ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ይህ አይበቃችሁም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የሙያ ፈቃድ ለማደስ የሚቆጠር የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ አለው ወይ? እኛ ያወቅነው ከተመዘገብን በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ መስክ የምትወጡት የት ነው፣ ስንት ቀን ነው? የሚሰጧችሁ መልስ «እናመቻቻለን» ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ዙር ጠብቁ።